ላባውን ተቀብለው ዝም ያሉት ተዋናይ

ቤተ ሰብ ተሰብስቦ በቴሌቪዥን የሚስቅላቸው ተዋናዮች ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኛው እየጮኸና እየተወራጨ ሳቅን የሚለምን ነው፤ ሁለተኛው ግን በጥግ ቆሞ፣ ጥቂት ቃል ተናግሮ፣ ሳይለምን ሳቅን የሚያገኝ ነው። እኔ ሁለተኛውን አብልጬ እወዳለሁ። ከነዚህም አንዱን፣ እንግሊዛዊውን ተዋናይና የቴአትር ደራሲ ሚስተር አርኖልድ ሪድሊን፣ ዛሬ ለተከበሩ አንባቢዎች ማስተዋወቅ ፈቀድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር «ዳድስ አርሚ»፣ በእኛ ቋንቋ «የአባባ ጦር» ሊባል የሚችለው ተከታታይ ጨዋታ፣ ከ1968 እስከ 1977 ድረስ በ80 ክፍል በቢቢሲ ቴሌቪዥን ታይቷል። ታሪኩም በ1940 ጀርመኖች ወደ እንግሊዝ ለመሻገር ሲያስፈራሩ፣ በዕድሜ ወይም በጤና ምክንያት ለዘመቻ ያልተጠሩ ሰዎች በአንዲት ትንሽ ከተማ ስላቆሙት የአገር ጥበቃ ጭፍራ ነው። አለቃቸው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ አንዱ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ከሁሉ የዋሁ ደግሞ ተራ ወታደር ጎድፍሬይ የሚባለው ሽማግሌ ነው። ከእኅቶቹ ጋር በአንዲት ጎጆ ይኖራል፤ እኅቱ የጋገረችውን ኬክ ለጓደኞቹ ያቀርባል፤ በሰልፍ መካከልም ሽንቱ እያስቸገረው ፈቃድ ይጠይቃል። ሚስተር ሪድሊ ይህን ሰው ሆነው መጫወት ሲጀምሩ ዕድሜያቸው 72 ዓመት ነበር። በቤቴ ያሉት ልጆች ባዩት ቍጥር «ይህስ ዝንብ እንኳ አይገድልም» እያሉ ይስቃሉ።

የተዋናዩ ሕይወት ግን ሌላ ነው። ሚስተር ሪድሊ በ1896 በባዝ ከተማ ተወለዱ፤ አባታቸውም የጫማ መደብር ነበራቸው። በ1915 በሶመርሴት እግረኛ ጦር ገብተው፣ በ1916 በሶም ወንዝ አጠገብ በተደረገው ታላቅ ጦርነት ተዋጉ። በዚያም ራሳቸውን በጠመንጃ ሰደፍ ተመቱ፤ ብሽሽታቸውን በሳንጃ ተወጉ፤ ግራ እጃቸውም እጅግ ስለ ተጐዳ ከዚያ ወዲያ እንደ ልባቸው አልታዘዘላቸውም። የራሳቸው ጕዳት ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ድንገት ያዞራቸው ነበር። በ1917 በጤና ጕድለት ከሠራዊቱ ተሰናበቱ።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አንድ ክፉ ልማድ ነበረ። አንዳንድ ሴቶች የሲቪል ልብስ ለብሶ ያገኙትን ጐልማሳ ፈሪ ነህ ለማለት በመንገድ ላይ ነጭ ላባ ይሰጡት ነበር። ለሚስተር ሪድሊም ይኸው ላባ ደረሳቸው። ቆስለው ለተሰናበቱ ወታደሮች የሚሰጠው የብር ምልክት በኪሳቸው ነበረ፤ ነገር ግን ቍስለኛነታቸውን ለሰው ማሳየት ስላልወደዱ አላወጡትም፤ ላባውን ተቀብለው ዝም ብለው ሄዱ። ጀግና ሥራውን በፉከራ ቢናገር ነውር በማይሆንበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ዝምታ እንግዳ ነው። በበኩሌ ያን ምልክት አውጥተው ለሴቲቱ ቢያሳዩአት ደስ ባለኝ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በበርሚንግሃም ቴአትር ጀመሩ፤ ዳሩ ግን ቍስላቸው ስላልፈቀደላቸው ወደ አባታቸው መደብር ተመልሰው ጫማ ሸጡ። የጽሕፈት ሥራቸው የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ማንጎትስፊልድ በምትባል የባቡር ጣቢያ ብዙ ሰዓት ባቡር እየጠበቁ ሲቆዩ ያደረባቸው ሐሳብ «ዘ ጎስት ትሬን» የተባለውን ስለ መናፍስት ባቡር የሚናገር ቴአትር አስጻፋቸው፤ እርሱም ከ1925 ጀምሮ በሎንዶን ከ600 ጊዜ በላይ ታየ። ከዚህ በኋላ የሲኒማ ኩባንያ አቁመው ከሠሩና ዕዳ ወደቀባቸው።

በ1939 ሁለተኛው ጦርነት ሲነሣ፣ ያ ሁሉ ጠባሳ ያለባቸው ሰው ዳግመኛ በመኰንንነት ወደ ፈረንሳይ ዘመቱ። በ1940 ከቡሎኝ ወደብ በመርከብ ወጥተው በሕመም ተሰናበቱ። አገራቸው ሲመለሱ የገቡት በዚያው በአገር ጥበቃ ጭፍራ ነበር፤ ስለዚህ በቴሌቪዥን የተጫወቱትን ሰልፍ አስቀድመው በእውነት ቆመውበታል።

ከክፍሎቹ ሁሉ በ1969 የታየውን አንዱን አልረሳውም። በዚህ ክፍል ጎድፍሬይ በፊተኛው ጦርነት ኅሊናዬ ሰው መግደል አይፈቅድልኝም ብሎ መሣሪያ አለማንሣቱን ይገልጻል። ጓደኞቹም ይሸሹታል፤ አለቃውም ፊት ይነሣዋል። በኋላ ግን ጎድፍሬይ በጢስ የታፈነውን ያንኑ አለቃ ያድነዋል። ታሞም በተኛበት ክፍል ጓደኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ፣ በግድግዳው ላይ የጀግንነት ሜዳይ ያደረገበትን ሥዕል ያያሉ። በሶም ጦርነት በጥይት መካከል ቍስለኞችን ያነሣ እንደ ነበረ የምትነግራቸው እኅቱ ናት፤ እርሱማ አንድ ቀን እንኳ አልተናገረም። ነጭ ላባ የተሰጣቸው የሶም ቍስለኛ ይህን ሲጫወቱ ፊታቸው ላይ ቍጣ የለም፤ የሚታየው ሰውን ላለማስቸገር የሚጠነቀቅ የሽማግሌ ዐይነ አፋርነት ነው። ልጆቹም በዚህ ጊዜ አይስቁም።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1982 በኒሻን አከበራቸው። በ1984 በ88 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ዐመዳቸውም በባዝ ከተማ በወላጆቻቸው መቃብር ተቀበረ።