ሣርም ይተከላል

ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር የሚጓዝ ሰው፣ የሐሙስን ስም የያዘችውን ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ ሲቃረብ፣ በክረምት ወራት ዐይን እስኪደክም የሚዘረጋ አረንጓዴ ሜዳ ይመለከታል። እንግዳ ከሆነ፣ «ምንኛ ሣር የበዛበት አገር ነው!» ብሎ ይደነቅ ይሆናል። እኔ በልጅነቴ ያየሁት በእውነቱ ሣር ነበር፤ ዛሬ የሚታየው ግን አብዛኛው ሩዝ ነው።

ፎገራ ሣር ተክሎ አያውቅም ነበር። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው በጥቁሩ አፈር ላይ ይተኛሉ፤ ውሃው ወደ ጣና ሲሸሽም ሣሩ ማንም ሳይዘራው ይነሣል። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራው በዚሁ ሣር ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የተካፈሉበት የሩዝ እርሻ ሲጀመር ግን፣ ውሃ የሚተኛበት መሬት ሁሉ ዋጋ አገኘ። ሩዝን አልነቅፍም፤ ደብተሬን የገዛልኝ እርሱ ነው። ዳሩ ግን የሰው እንጀራ ሲሰፋ የላሚቱ ማዕድ ጠበበ፤ በቀረው የወል ግጦሽ ላይም እሾኻሙ አሜካላ ተንሰራፋ። የሩዝ ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም።

በአንድ በጋ የቤታችን የመጨረሻዋ የፎገራ ላም ወተቷ ነጥፎ አጥንቷ ስለ ወጣ፣ አባቴ ለገበያ ሊነዷት ቆረጡ። አንድ ዓመት ብቻ እንዲታገሡኝ፣ እኔም ዝሆኔ ሣር እንድተክል ለመንኋቸው። ሣቁብኝና፣ «ልጄ፣ ሣር ደግሞ ይተከላል? ሣር የእግዜር ነው» አሉኝ።

ይህን ሣር ፈረንጆች «ናፒየር» ይሉታል። የእኛ አገር ሰው ስሙን ሲሰማ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ላይ የዘመተውን የእንግሊዝ ጄኔራል ያስብ ይሆናል፤ ነገር ግን ስሙ የተወሰደው በሮዴሽያ፣ በቡላዋዮ ከነበረ ከሌላ ናፒየር፣ ሣሩ ለከብት መኖነት እንዲመረመር ከወተወተ ኮሎኔል ነው። ይህን ለአባቴ ባስረዳቸው፣ «ያም ሆነ ይህ ስሙን በቤቴ አትጥራ» አሉ።

በመጀመሪያው ዓመት የተሳሳትሁት እኔው ነኝ። ሣር ሁሉ እርጥበት ይወዳል ብዬ በእርሻችን ዝቅተኛ ጥግ ተከልሁት። መልካም አቆጥቁጦ ነበር፤ በሐምሌ ጉማራ ሞልቶ ውሃው ተኛበት፤ በነሐሴ ሥሩ በስብሶ ሸተተ። ሣሩን አይቶ ገደሉን የዘነጋው በሬ እኔ ነበርሁ። ዝሆኔ ሣር ዝናብ ይወዳል እንጂ የተኛ ውሃ አይችልም። አባቴ ምንም አልተናገሩም፤ ዝምታቸው ግን ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ላሚቱን እስከ ጥቅምት አቆዩልኝ፤ ከዚያም እስከሚቀጥለው ክረምት።

በሁለተኛው ዓመት በሰኔ፣ ዝናቡ እንደ ያዘ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ተረተር ላይ ተከልሁ። የዚህ ሣር ዘር እምነት የማይጣልበት ስለ ሆነ የሚተከለው የአገዳው ቁራጭ ነው። ለጋው ጫፍ ተትቶ ጠና ካለው ክፍል ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ይወሰዳል፤ ሁለቱ አንጓ ከአፈር ገብቶ አንዱ ከላይ እንዲቀር ጋደል ተደርጎ ይተከላል። በመሥመሮቹ መካከል 1 ሜትር፣ በተክሎቹ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ይህ ርቀት መጀመሪያ የመሬት ብክነት ይመስላል፤ ሲያድግ ግን ሰው አያሳልፍም። ቁራጩ የሚወሰደውም ከጤናማ ጉቶ ብቻ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሣሩን የሚያቀጭጭና ቅጠሉን የሚያበጭ በሽታ አለ፤ በቁራጩም ይተላለፋል።

እስኪጠና ድረስ አረሙን መንቀል፣ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጉቶ ትቶ ማጨድ፣ ካጨዱም በኋላ ፍግ መመለስ ያስፈልጋል። እንዲያረጅ ከተዉት አገዳው ይደድራል፤ ላሚቱም ቅጠሉን ለቅማ ግንዱን ትተዋለች። ከሁሉ የከበደኝ ግን አጥሩ ነበር። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት ሁሉ በየማሳው በሚለቀቅበት አገር፣ ሣር ማጠር እንደ ንፉግነት ይቆጠራል፤ ሰላምታ የነሡኝም ጎረቤቶች ነበሩ።

በጥቅምት የመጀመሪያውን እጅ አጭጄ ለላሚቱ አቀረብሁ። ወተቷ በአንድ ሌሊት አልጎረፈም፤ አጥንቷ ግን ቀስ በቀስ ተሸፈነ፤ በዓመቱም ወለደች።

አባቴ ዛሬም ሣር ብለው አይጠሩትም፤ «አገዳው» ይሉታል። ሐሙስ ሐሙስ ግን ወደ ገበያ ሲወጡ አምስት ስድስት ቁራጭ በጋቢያቸው ሥር ይዘው ይሄዳሉ፤ ለማን እንደሚሰጡ አይነግሩኝም።