ሁለት ዓይነት ሁለት ነጥብ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከሶፍ ዑመር ደውሎ «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፣ እስቲ ይቺን ኤክሴል እያት» አለኝና ፋይሉን በቴሌግራም ላከልኝ። አስጎብኚ ነው። ዋሻው (እዚያ ሆልቃ ነው የሚሉት) ከሮቤ በስተምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ርዝመቱ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የዌይብ ወንዝ ሰንጥቆት ያልፋል። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ ያለ ባትሪ አይገባም። የወዳጄ ጥያቄም አጭር ናት፦ እንግዳ ሲገባ በአማካይ ስንት ሰዓት ይቆያል? የባትሪ ድንጋይ የሚገዛው በዚያ ልክ ነው።

መግቢያና መውጫ ሰዓቱን ከደብተር ወደ ሠንጠረዥ የገለበጡት ሁለት ልጆች ናቸው። መውጫውን ከመግቢያው ስቀንስ ግማሹ መስመር በትክክል ወጣ፣ ግማሹ ስህተት አለኝ፤ ድምሩም አብሮ ተበላሸ። ዓይኔን ጨፍኜ ሴሎቹን ሁሉ «ሰዓት» ወደሚለው ቅርጽ ቀየርኳቸው። ወይ ፍንክች! አንድ ሰዓት ያህል ከታገልኩ በኋላ ነው አንድ ነገር ያየሁት፦ የተሳኩት ወደ ቀኝ፣ እምቢ ያሉት ወደ ግራ ተጠግተዋል። ኤክሴል ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። ስለዚህ ግማሹን ሰዓት እንደ ስም ነው ያነበበው።

ለምን? ወደ ግራ ያለውን 4፡40 እና ወደ ቀኝ ያለውን 4:40 ጎን ለጎን አድርጌ አጎላኋቸው። ወዳጄን ስጠይቀው አንዱ ልጅ በቁቤ ኪቦርድ፣ ሌላው በአማርኛ ኪቦርድ ነው የጻፈው አለኝ። የአማርኛው ኪቦርድ የሚያወጣው የኛን ሁለት ነጥብ ነው። ለዓይን መንትያ ናቸው፤ በዩኒኮድ መዝገብ ግን የኛው ቁጥሩ 4961፣ የፈረንጁ ኮለን 58 ነው። ድሮ ቃልን ከቃል ይለይ የነበረው ምልክት ዛሬ ከሰዓትና ከደቂቃ መሃል ተወሽቆ ይኖራል፣ ኤክሴል ደግሞ እዚያ አያውቀውም። በኮንትሮል ኤች የኛን በፈረንጁ ተካሁ፣ አንዳንዱ ሴል ውስጥ ከሰዓቱ ጋር የተጻፉትን «ጠዋት» እና «ማታ» የሚሉ ቃላት ወደ ሌላ ዓምድ አወጣኋቸው፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ዞሩ።

ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አንዱ ቡድን 11፡30 ገብቶ ምሽት 1፡00 ወጥቷል፤ ኤክሴል ግን ከ1 ላይ 11ን ሲቀንስ ከዜሮ በታች ስለሚሆንበት ሴሉን በ#### ሞላው። ለኛ ሰዓት ልዩነቱን ሞድ በሚባለው ፎርሙላ በ0.5 ማካፈልና ቀሪውን መውሰድ ነው። ለኤክሴል አንድ ቀን 1 ነው፣ 12 ሰዓት ደግሞ ግማሹ። 1፡30 ወጣልኝ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ያልተሳሳተው፣ እሺ ያለው ነው። እንግዳ በስንት ሰዓት እንደሚበዛ ግራፍ ሠራሁ። በግራፉ መሠረት ሰው ወደ ሶፍ ዑመር የሚጎርፈው ከንጋቱ በፊት ነው! ጠዋት 4፡40 የኛ ቀን ከነጋ ወዲህ የተቆጠረ ነው፤ ኤክሴል ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥራል። ለቀኑ ሰዓት 6 ሰዓት፣ ማለትም 0.25፣ ለምሽቱ 1፡00 ደግሞ 0.75 ጨመርኩ። ቆይታው ላይ ይህ ስህተት ጨርሶ አይታይም፤ መግቢያውም መውጫውም በቀን ሲሆኑ እኩል ይሳሳታሉ፣ መውጫው ወደ ምሽት ሲሻገር ደግሞ ልዩነቱን ሞድ ያስተካክለዋል። ግራፉን ባልሠራ ኖሮ አላየውም ነበር።

ኤክሴሉ ቀንን ከወር አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነ ቀኑም እንደዚያው ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ የጻፈ ልጅ ይታደላል፤ ፌብሩዋሪ 30 የለምና ኤክሴል እምቢ ይለዋል። ጥቅምት 12ን 12/2 ያለው ግን ሳያውቀው ፌብሩዋሪ ውስጥ ይገባል።

ለወዳጄ ሠንጠረዡን ስመልስለት ከላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ሰዓቱ በሐበሻ አቆጣጠር ነው፤ ቀንና ማታው በጎኑ ተጽፏል»። ሠንጠረዥ የምታዘጋጁ ሁሉ እባካችሁ ይህቺን መስመር ጻፉልን፤ ሰዓት የምትሞሉ ደግሞ ለነጥቦቹ ብቻ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩት።