የአርካሾን ባሕረ ሰላጤና የጀልባ ሆድ ቀለም

ከፈረንሳይ አገር በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ ከቦርዶ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ አርካሾን የሚባል ባሕረ ሰላጤ ይገኛል። መልኩ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ስፋቱም 150 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ይሆናል። ከታላቁ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋራ የሚገናኘው በአንድ ጠባብ በር ነው። በዚህም በር ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይገባል፥ ሁለት ጊዜም ይወጣል፤ በወጣ ጊዜ አብዛኛው ወለል ደርቆ ጭቃውና አሸዋው ይታያል፤ በተመለሰም ጊዜ ጥቂት አስቀድሞ ሰው በእግሩ ይመላለስበት በነበረው ስፍራ ጀልባ ይሄድበታል። በበሩ አጠገብ በስተ ደቡብ የፒላ የአሸዋ ተራራ ቁሞአል፤ ከፍታው ከ100 ሜትር በላይ ስለ ሆነ በአውሮፓ ካሉት የአሸዋ ክምሮች ሁሉ የሚበልጠው የለም። በባሕረ ሰላጤው መካከልም የወፎች ደሴት የምትባል ደሴት አለች፤ በአጠገብዋ በረጃጅም የእንጨት እግሮች ላይ የተሠሩ ቤቶች ከውሃው በላይ ከፍ ብለው ሲታዩ ለተመልካች እጅግ ደስ ያሰኛሉ።

የምድር ባቡር በ1841 ዓ.ም. ከቦርዶ እስከ ላ ቴስት በደረሰ ጊዜ ባሕሩን ለማየትና በጥድ ዛፎች መካከል ንጹሕ አየር ለመሳብ የሚመጣው ሰው በዛ፤ የአርካሾንም ከተማ በ1857 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ በ3ኛው ናፖሌዎን አዋጅ ተቋቋመች። (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ነገር ግን ዛሬ ለተከበራችሁ አንባቢዎች ልንገልጽ የፈለግነው የአገሩን ውበት ብቻ አይደለም። ለዓይን በማይታይ ስፍራ፥ ከጀልባ ሆድ በታች የተቀባ ቀለም፥ የአንድን አገር ሕዝብ እንጀራ እስከ ማሳጣት እንዴት እንደ ደረሰ፥ ያረጀውንም ቀለም ለማላቀቅ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ነው።

የአርካሾን ሰዎች ዋና ሀብት ኦይስተር ነው። ኦይስተር ማለት ድንጋይ በሚመስሉ በሁለት ቅርፊቶች መካከል ተዘግቶ የሚኖር፥ ውሃውን እየሳበና እያጣራ በውስጡ ያለውን ደቃቅ ምግብ እየለቀመ የሚያድግ የባሕር ፍጥረት ነው። በእኛ ዘንድ ባይለመድም ፈረንሳዮች በገና በዓልና በዘመን መለወጫ ከማዕዳቸው አያጐድሉትም። ሥራውም የቤተ ሰብ ሥራ ነው። ባልና ሚስት፥ አባትና ልጅ ባሕሩ በወጣ ሰዓት አብረው ወርደው ይለቅማሉ፥ ይለያሉ፥ ቦታ ይለውጣሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋራ እኩል ወደ ጭቃው ስለሚወርዱ ለሥራው እንዲመቻቸው ቀይ ሱሪ ይለብሱ ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን ለሴት ያልተለመደ ልብስ ስለ ነበረ ለእንግዶች ብርቅ ነበር።

የዘሩም አያያዝ ጥበብ ያለበት ነው። ለቤት ክዳን የሚሆን ሸክላ በኖራና በአሸዋ ልስን ይቀባና በሞቃቱ ወራት ከባሕሩ ውስጥ ይቀመጣል። በውሃው ላይ ሲንሳፈፍ የቈየው ደቃቅ ዘር ከሸክላው ላይ ተጣብቆ ማደግ ይጀምራል። ሸክላው ልስን ባይኖረው ኖሮ ዘሩ ሳይሰበር አይላቀቅም ነበር፤ ልስኑ ግን በቀላሉ ስለሚፈረፈር ትንሹ ኦይስተር በደኅና ይነሣል። እንግዲህ የዚህ አገር ሰዎች አንድን ነገር ሲቀቡ የሚላቀቅበትን ቀን አስቀድሞ ማሰብ የአባቶቻቸው ልማድ ነበረ።

ጀልባን የሚቀባ ሰው ግን የሚያስበው ሌላ ነው። ጀልባ በባሕር ላይ ብዙ ቀን በቆመ ጊዜ የባሕር ሣርና ቅርፊት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ከሆዱ ላይ ይበቅሉበታል፤ በዚህም ምክንያት ጕዞው ይከብዳል፥ ፍጥነቱ ይቀንሳል፥ የሚፈጀውም ነዳጅ ይበዛል። የእንጨት ጀልባ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ እንጨት የሚበላ የባሕር ትል ይሰረስረዋል። በእኛ አገር በጣና ላይ የሚሄደው የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ከዳር አውጥተው ፀሐይ ያሞቁታል፥ ሲያረጅም ሌላ ይሠራሉ፤ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት የባሕር ጀልባ ግን እንዲህ አይጣልም። ስለዚህ እንግሊዞች በ1761 ዓ.ም. አላርም የተባለችውን የጦር መርከብ ሆድዋን በመዳብ ልባጥ አለበሷት። ከዚያም በኋላ መዳቡን አድቅቀው ከቀለም ጋራ እየቀላቀሉ መቀባት ተለመደ። ይህ ቀለም ከሌላው ቀለም የሚለየው በውስጡ ያለው መርዝ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው እየወጣ ሊጠጉ የሚመጡትን ፍጥረታት የሚያርቅ በመሆኑ ነው።

ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ግን ቲን ከሚባለው ማዕድን የተቀመመ፥ ትራይቡቲልቲን የሚባል፥ ከመዳብ እጅግ የሚበረታ መርዝ ከቀለሙ ይገባ ጀመር። ባለ ጀልባዎች ወደዱት፤ አንድ ጊዜ ከተቀባ ለብዙ ጊዜ ሆዱ ንጹሕ ሆኖ ይቈያልና። መርዙ ከጀልባው ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር።

በአርካሾን መልሱ መጣ። ከ1970 እስከ 1973 ዓ.ም. በሽታ ገብቶ የቀድሞውን የኦይስተር ዘር ስላጠፋው ገበሬዎቹ ከጃፓን አገር ሌላ ዘር አስመጥተው ሥራቸውን እንደ ገና አቋቁመው ነበር። ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ ግን በሸክላው ላይ የሚያዘው ዘር ጠፋ፤ ጥቂት ዓመታትም በተከታታይ እንዲሁ ሆነ። ያደገውም ኦይስተር መልኩ ተበላሸ፤ ቅርፊቱ በላይ በላዩ እየተደራረበ፥ በመካከሉም ዝልግልግ ውሃ የሞላበት ክፍተት እየተፈጠረ፥ እንደ ኳስ ድብልብል ሆነ። እንዲህ ያለውን ደግሞ ገዢ አይፈልገውም። በዓመት ከ10000 ቶን በላይ የነበረው ምርት በ1981 ዓ.ም. ወደ 3000 ቶን ያህል ወረደ። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረውን ሥራ ትተው ወደ ሌላ ኑሮ የሚሄዱ ቤተ ሰቦች ታዩ።

መጀመሪያ ብዙዎች የቀድሞው በሽታ የተመለሰ መስሎአቸው ነበር። ክሎድ አልዚዩ የተባሉት የባሕር ሊቅና የሥራ ጓደኞቻቸው ግን ነገሩን ሲመረምሩ የተበላሸው ቅርፊት የሚበዛው ጀልባ በሚበዛበት ወደብ አጠገብ መሆኑን ተመለከቱ። ምክንያቱም የጀልባው ሆድ ቀለም ሆኖ ተገኘ። መርዙ ጕዳት የሚያደርሰው በብዛት ሆኖ አይደለም፤ አንድ ግራም ለአንድ ቢሊዮን ተከፍሎ ከዚያ ጥቂቱ እጅ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ቢገኝ የኦይስተሩን ቅርፊት ለማበላሸት ይበቃል። በአንዳንድ የባሕር ቀንድ አውጣዎችም ዘንድ የሴቲቱ አካል ወደ ወንድ መልክ እየተለወጠ መውለድ እንዲሳናት አደረገ። የአርካሾን ውሃ በጠባብ በር ብቻ የሚገባና የሚወጣ ስለ ሆነ መርዙ ቶሎ አልተጠረገም።

የፈረንሳይም መንግሥት በጃንዋሪ 1982 ዓ.ም. ርዝመታቸው ከ25 ሜትር ለሚያንሱ ጀልባዎች ይህን ቀለም በሕግ ከለከለ። በዚያው ዓመት ዘሩ በሸክላው ላይ እንደ ገና ታየ፤ የቅርፊቱም ብልሽት በሚቀጥሉት ዓመታት እየቀነሰ ሄደ። እንግሊዝ በ1987፥ አሜሪካ በ1988 ዓ.ም. የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታት በሎንዶን ተሰብስበው ለዓለም መርከቦች ሁሉ የሚሆን ስምምነት ወሰኑ፤ ስምምነቱም በሴፕቴምበር 2008 ዓ.ም. ጸና።

ሆኖም ሕግ አዲሱን ቀለም ይከለክላል እንጂ የተቀባውን አያነሣም። በአሮጌ ጀልባ ላይ ቀለሙ በየዓመቱ በላይ በላዩ ስለሚቀባ እንደ ሽንኵርት ልጣጭ ተደራርቦ ይገኛል፤ ከታች ያለው ንብር የተከለከለው መርዝ ሊሆን ይችላል፤ በላዩ ያለውም ቢሆን መዳብ ያለበት ነው። ንብሩ በወፈረ ጊዜ መሰነጣጠቅና መፈርፈር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሁሉንም አንሥቶ እንደ አዲስ መቀባት ግድ ይሆናል። በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ የፋቀው እንደ ሆነ አቧራው ከሠራተኛው ሳንባ ይገባል፥ በነፋስም ተወስዶ ከባሕሩ ይወድቃል። በእሳት ያሞቀው እንደ ሆነ የመርዝ ጢስ ይወጣል። ስለዚህ ቀለሙን አለስልሶ በርጥቡ የሚያላቅቅ መድኃኒት መቀባት ከተገኙት መንገዶች አንዱ ሆኖአል።

መድኃኒቱ ግን ራሱ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ማወቅ ይገባል። ለብዙ ዘመን የተሠራበት ዳይክሎሮሜቴን የሚባለው ፈሳሽ ነበር። ቀለሙን በጥቂት ደቂቃ ያሳብጠዋል፤ ነገር ግን ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት የሚፈላ ስለ ሆነ ፈጥኖ ይተናል፤ ትነቱም ከአየር የከበደ በመሆኑ ከጀልባው ሆድ በታች ተጋድሞ በሚሠራው ሰው ዙሪያ ይጠራቀማል። ሰውየው የሳበውም በሰውነቱ ውስጥ ከከሰል ጢስ ወደሚገኘው ገዳይ አየር ይለወጣል። በተዘጋ ስፍራ ሲሠሩበት የሞቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቀለም ለማላቀቅ ለሕዝብና ለአብዛኛው ሠራተኛ እንዳይውል አድርጎአል፤ አሜሪካም በ2019 ዓ.ም. ለሕዝብ እንዳይሸጥ ከለከለች። በምትኩ የሚሠራበት መድኃኒት የሚዘገይ ነው፤ ደቂቃ ሳይሆን ሰዓታት ይፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ የሚዘገየው ሰውን ሳይጐዳ ካደረሰ የዘገየ አይባልም።

የሥራውም አካሄድ እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ ጀልባው ከምን እንደ ተሠራ ይታወቅ። ለእንጨት የሚሆነው መድኃኒት ለፋይበር ግላስ አይሆንም፤ ላዩን የሸፈነውን ማለስለሻ ያቀልጠዋልና። ኮስቲክ ሶዳ ያለበትም አሉሚኒዩምን ይበላል። ስለዚህ ከዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቦ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ መፈተን ያስፈልጋል። ቀጥሎ ከጀልባው በታች ውሃ የማያሳልፍ ሸራ ይነጠፍ። ሠራተኛው መድኃኒቱን የሚችል ጓንትና የዓይን መከለያ ያድርግ፤ ልጆችም አይቅረቡ። ቀትር ፀሐይና ነፋስ መድኃኒቱን ስለሚያደርቁት በጥላ ወይም በማለዳ መሥራት ይሻላል።

መድኃኒቱም በሰፊ ብሩሽ ወፈር ተደርጎ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይቀባል፤ እንደ ቤት ቀለም ወዲያና ወዲህ ቢያሹት ኀይሉ ይተናል። እንዳይደርቅም በስስ ላስቲክ ይሸፈናል። ቀለሙ አብጦና ለስልሶ በታየ ጊዜ ጫፉ በደነዘዘና ማዕዘኑ በተሞረደ መፋቂያ በዝግታ ይነሣል፤ ስለት ያለው መፋቂያ ገላውን ይቧጥጣልና። የቀረውን በግድ ከመፋቅ ሁለተኛ ጊዜ መቀባት ይመረጣል። የተፋቀው ሁሉ ከሸራው ላይ ተለቅሞ ክዳን ባለው ዕቃ ይከተትና የመርዝ ጥራጊ ለሚቀበሉት ይሰጣል። በመጨረሻም ሆዱ ይታጠባል፥ ይደርቃል፥ ከዚያ በኋላ አዲስ ቀለም ይቀበላል።

የዕጣቢውም ውሃ ነገር ቀላል አይደለም። በቀድሞ ዘመን ባለ ጀልባው ባሕሩ በወጣ ሰዓት ጀልባውን ከአሸዋው ላይ አጋድሞ ይፍቅ ነበር፤ ባሕሩ ሲመለስም የተፋቀውን ሁሉ ይዞ ወደ ኦይስተሩ መሬት ይሄድ ነበር። ዛሬ ወደቦች ለዚህ የሚሆን የሲሚንቶ ወለል አዘጋጅተዋል፤ ዕጣቢውም በቦይ ተሰብስቦ በማጣሪያ ካለፈ በኋላ ይለቀቃል። ጭቃ የያዘውን መርዝ ለብዙ ዓመታት ሳይለቅ ይኖራልና፥ አንዱ በቸልታ የጣለውን የሌላው ልጅ ይወርሰዋል።

ከአርካሾን የምንማረው እንግዲህ ይህ ነው። ባለ ጀልባው የቀባው የራሱን ንብረት ለመጠበቅ ነበር፤ ክፉም አላሰበ። ነገር ግን ከሆዱ በታች የተሰወረው ነገር ከጎረቤቱ ማዕድ ላይ ተገለጠ። የኦይስተር ገበሬ ሸክላውን በኖራ ሲለስን የሚነሣበትን ቀን አብሮ ያስባል። ማንም ሰው ዕቃውን ሲቀባ ወይም ያረጀውን ሲያነሣ፥ ከእጁ የወጣው ወዴት እንደሚሄድና ከማን ደጅ እንደሚደርስ አስቀድሞ ቢጠይቅ፥ የራሱንም ጤና የጎረቤቱንም እንጀራ ይጠብቃል።