የሚተነፍስ ጫማ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ በውስጥ መስመር ይጎርፍልኛል። «ቲቸር፣ ለሃይኪንግ ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?» ጠያቂዎቹ በብዛት የድሮ ተማሪዎቼ ናችሁ፤ ሥራ ይዛችሁ እሁድ እሁድ ተራራ መውጣት የጀመራችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ እዚህ ልጻፈው። የጫማ ባለሙያ አይደለሁም፤ ከልደታ እየተነሳሁ እንጦጦን፣ የረርንና መናገሻ ሱባን ደጋግሜ የረገጥኩ አስተማሪ ነኝ።

መጀመሪያ ወቅቱን እንለይ። ኢንተርኔት ላይ «ለሰመር የሚሆን ጫማ» እያለ የሚመክረው ሰው የሚያወራው ስለ ፈረንጅ አገር ነው። የእነሱ ሰመር የኛ ክረምት ነው። እነሱ በሐምሌ ፀሐይ ሲቃጠሉ እኛ ጭቃ እናቦካለን። ለኛ አየር የሚያስገባ ጫማ የሚያስፈልገን በበጋ፣ አቧራው በሚጨስበት ጊዜ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው ምን ይገዛል? ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚሸፍን፣ ወፍራም፣ «ውሃ አያስገባም» የተባለለት ቡትስ። በየካቲት ፀሐይ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ የማያስገባ ጫማ ውሃ ማስወጣትም ይከብደዋል። ውስጥ እግራችን ደግሞ ላብ ከሚበዛባቸው የሰውነታችን ክፍሎች አንዱ ነው። ላቡ መውጫ ሲያጣ ካልሲው ይርሳል፣ የራሰ ቆዳ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ ቆዳ ሲታሽ ቶሎ ውሃ ይቋጥራል። ውዶቹ ጫማዎች ውስጥ ያለው ጎርቴክስ የሚባለው ስስ ሽፋን የውሃ ጠብታ የማያሳልፉ፣ እንፋሎትን ግን የሚያሳልፉ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ለዝናብና ለብርድ ጥሩ ነው። ሙቀት ሲበረታ ግን ላቡ የሚመጣው ሽፋኑ ከሚያስወጣው በላይ ይሆናል፤ አንዴ ውስጡ ከራሰም ቶሎ አይደርቅም።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ፣ መርካቶም ይሁን እዚሁ ሰፈር፣ መጀመሪያ ስሙን አትዩ። ጫማውን ወደ ብርሃን አንሱት። ወንፊት መሳይ ጨርቁ ብርሃን ካሳለፈ አየርም ያሳልፋል። አንዳንዱ ግን ከላይ ወንፊት መስሎ ከውስጥ በላስቲክ የተለበጠ ነው፤ እጃችሁን ውስጡ አድርጉና ከውጭ እፍ በሉበት። ትንፋሹ እጃችሁ ላይ ካልተሰማችሁ እግራችሁም አይተነፍስም። ሻጩ ቢገላምጣችሁ ግድ የለም።

ቀጥሎ ሶሉ። እንጦጦ ላይ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠጠር ላይ ተነጥፎ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ጥርስ ያለው ሶል የግድ ነው። ጫማውን እጠፉት። መታጠፍ ያለበት በጣቶቹ መታጠፊያ በኩል ነው፤ መሃሉ ላይ እንደ ደብተር ከታጠፈ ተዉት። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ከሆነ ደግሞ ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱና ዙሪያውን አሰፉት።

ስትለኩ ከሰዓት በኋላ ለኩ፤ እግር ውሎ ያብጣል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይኑር፤ አለዚያ ቁልቁለት ላይ ጥፍራችሁ ይከፍላል። ጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቀር የስፖርት ካልሲ ይሻላል፤ ትርፍ ካልሲም ቦርሳ ውስጥ ይኑር። አዲሱን ጫማ ደግሞ ለሳምንት ያህል ሥራ እያደረጋችሁት ሂዱና ይለማመዳችሁ።

ጉድለት የለውም አልልም። ወንፊት ጨርቅ አቧራ ያስገባል፣ እሾህ አይመልስም። ከ4,500 ሜትር በላይ ወዳለው ራስ ዳሽን የምትሄዱ ከሆነ ብርዱ ሌላ ጫማ ይፈልጋል። ለአዲስ አበባ ዙሪያ የአንድ ቀን የበጋ ጉዞ ግን ቀላልና አየር የሚያስገባ ስኒከር ይበቃል፤ እንዲያውም ይበልጣል።

አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የተገኘው ጫማ ስላልተመቸው እንደሆነ ይነገራል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ። በሁለቱም ማራቶን ወርቅ አመጣ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ጫማ ለእግር ይመረጣል እንጂ እግር ለጫማ አይመረጥም የሚለውን ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ስለ ላብ ብቻ አይደለም። አምና ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ጉዞ ሊሄድ የተመዘገበ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ በመጨረሻው ቀን ቀረ። ሰኞ ብጠይቀው «እናቴ አሟት ነበር» አለኝ። ቆይቶ ነው እውነቱን የነገረኝ፤ የአዘጋጆቹ ማስታወቂያ ላይ «የሃይኪንግ ጫማ ግዴታ ነው» ይላል። የጫማውን ዋጋ ጠይቆ ቤት መናገር አፍሮ ነው የቀረው። ዝቅ ብዬ ያደረገውን አየሁ። ወንፊት ጨርቅ ያለው፣ የሶሉ ጥርስ ገና ያልተበላ ስኒከር! እኔ እንጦጦ ከምወጣበት ጫማ በምንም አያንስም። በሚቀጥለው ጉዞ በዚያው ጫማ መጣ። ያስቸገረው ረሃቡ እንጂ ጫማው አልነበረም፤ የሰው ቆሎ ሲጨርስ ዋለ።

እኛ ቁና ቁና እየተነፈስን የምንወጣውን የእንጦጦን ዳገት፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች በኮንጎ ጫማ ይወርዱታል። ችግራቸውን ለማሞገስ አይደለም። ባዶ እግር ይሻላል ማለቴም አይደለም፤ በአገራችን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው እግሩ የሚያብጠው ለዓመታት ያለ ጫማ ቀይ አፈር ረግጦ ነው። ጫማ ለሰው ሁሉ ያስፈልጋል። ለዚህም ነው የክብር መለኪያ ሲሆን የሚያናድደኝ።

እናም ጉዞ የምታዘጋጁ ልጆች፣ ከእናንተ ውስጥ ያስተማርኳችሁም አላችሁ፣ ማስታወቂያችሁ ላይ «የሃይኪንግ ጫማ ግዴታ ነው» የምትለዋን አውጧት። በምትኩ «የለመዳችሁትን፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ አንድ ልጅ ከቤት ታስወጣለች።

መልካም ሰንበት።