የባትሪ ድንጋይ

አሮጌ የእጅ ጨዋታዎችን እሰበስባለሁ። የመጀመሪያዋ፣ ታላቅ ወንድሜ ከመካነ ሰላም ገበያ የገዛት ቴትሪስ ናት። ፊቷ ላይ «9999» የሚል ቁጥር ተጽፎባታል፤ እኛ ግን የምንወደው አንዱን ብቻ ነበር፤ ሩሲያዊው አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ የፈጠረውን፣ የሚወርድ ጡብ መደርደርን። መስታወቷ ብርሃን ስለሌለው ማታ ማታ ኩራዝ አጠገብ በየተራ እንጫወት ነበር።

ወንድሜ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ ከፍተኛው ነጥብ የእርሱ ነበር። ሁለት ዓመት አለፈ፤ ድምፁም ጠፋ። ያረጀው ድንጋይ ውሃ አፍስሶ ብረቷን እንዳይበላባት ሰግቼ አወጣሁት። ለካ ነጥቡን ይዞ የኖረው ያ ድንጋይ ነበር።

ጨዋታዪቱ ዳነች። ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ካሉት አንዳቸውም ድንጋይ የላቸውም። ሁሉም ደህና ናቸው፤ የሁሉም ነጥብ ዜሮ ነው።