ባዶ ሳጥን አንደኛ ሲወጣ

ዛሬ የራሴን ጥፋት ልናገር።

እዚሁ ፍኖተ ሰላም የክፍል ኃላፊ ሆኜ ውጤት በካልኩሌተር ስደምር ማምሸት ሰለቸኝና በጃቫስክሪፕት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ድምሩን ለትምህርት ዓይነቱ ብዛት ያካፍልና ስምና ደረጃ ያወጣል።

ክፍል ገብቼ ደረጃውን አነበብኩ። አንደኛ የወጣችው በዓመቱ አጋማሽ ከቡሬ ገጠር ተዛውራ የመጣች ልጅ ናት። ተጨበጨበላት። እሷ ግን አንገቷን ደፋች። ከሰዓት የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ እኔ አንደኛ አልወጣም። አባቴ ሳይሰማ ያርሙልኝ።»

ከፍቼ ሳይ ድምሯ 712 ነው፤ የትምህርቱ ብዛት የሚሞላበትን ሳጥን ግን ባዶ ትቼዋለሁ። ጃቫስክሪፕት ባዶውን እንደ ዜሮ ቆጠረው። 712 ለ0 ሲካፈል «ኢንፊኒቲ» አለ፤ ከኢንፊኒቲ የሚበልጥ አማካይ ደግሞ ከየት ይምጣ! ለ10 ሲካፈል 71.2 ነው፤ 14ኛ ናት።

ለዜሮ ማካፈል ትርጉም የለውም ብዬ ሰሌዳ ላይ የማስተምረው እኔው ነኝ እኮ።

ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ኮምፒውተር ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች እንዴት እንደሚይዝ የሚደነግገው፣ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለ ስታንዳርድ ነው። ስሌቱ ከሚቋረጥ ምልክት ይዞ ይቀጥል ነው ሐሳቡ። ፓይተን ለዜሮ ስታካፍሉ ስህተት ብሎ ይቆማል፤ እሱም ቢሆን ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ስታባዙ ውጤቱ ከ1.8 × 10 ኃይል 308 ገደማ ካለፈ ዝም ብሎ ኢንፊኒቲ ይላችኋል።

ፕሮግራም ለምትማሩ ልጆቼ፦ ኢንፊኒቲን ብቻ ማጣራት አይበቃም። 0 ለ0 ሲካፈል «ናን» ይመጣል፤ ቁጥር አይደለም ማለት ነው፣ ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይሆንም። በጃቫስክሪፕት «ነምበር ዶት ኢዝፋይናይት» ሁለቱንም ይይዛል። ደረጃ ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ጠይቁት። የኔም ፕሮግራም አሁን አማካዩ ትክክለኛ ቁጥር ካልሆነ «መረጃው ይጣራ» ብሎ ይቆማል።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆሜ እሷንም፣ እውነተኛውን አንደኛም ይቅርታ ጠየቅኩ። እኔ ያላየሁትን ያየችው እሷ ናት፤ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ይህን ስናገር ክፍሉ እንደገና አጨበጨበላት። ያኛው ጭብጨባ የሐቋ ነው።

መልካም ሰንበት።