ስለ አንኮበር ጉዞና ስለ ሦስት ድስት ሽሮ

አገር ለማየት የወጣ ሰው ሲመለስ የሚተርከው ብዙውን ጊዜ ስለ ተራራው፥ ስለ ወንዙና ስለ ጥንቱ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምተርክላችሁ በአንኮበር በአንድ ቤት ውስጥ ስላየሁት የሽሮ ውድድር ነው። ነገሩ ለጊዜው ቀላል ቢመስልም፥ በሰው ጉዳይ ላይ ለመፍረድ ለተሾመ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አግኝቼበታለሁና ጥቂት ታገሡኝ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ይህ አገር ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ብርዳም ደጋ ስለ ሆነ፥ ሀብቱ ገብስና ባቄላ ነው። ከዚያም ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደሉ ይጀምራል፤ አንኮበርም በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ሰማዩ በጠራ ቀን ከአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ለተመለከተ ሰው፥ አገሩ እንደ ደረጃ ከደጋው ወደ ወይና ደጋው፥ ከወይና ደጋውም ወደ ቆላው እየወረደ እስከ አፋር በረሓ ድረስ ይታየዋል።

አንኮበር ዳግማዊ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፥ ኋላም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረችው ወደ አዲስ አበባ ከመዛወራቸው አስቀድሞ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ በቆላው መንገድ ነው። ከአሳል ባሕር የሚወጣው ጨውም፥ የሐረር ነጋዴ የሚያመጣው ዕቃም በዚያው መንገድ እየመጣ ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር ደገኛና ቆለኛ፥ ክርስቲያንና እስላም በገበያ የተወዳጁት ዛሬ አይደለም።

እኔን በእንግድነት የተቀበለችኝ የአንኮበር ባለቤትም እንደዚህ ያሉ ሁለት የገበያ ወዳጆች ነበሯት። አንደኛዋ ከደብረ ብርሃን በኩል ባቄላ የምታመጣ ደገኛ ስትሆን፥ ሁለተኛዋ ከአልዩ አምባ ወገን ማሽላ የምታመጣ አርጎባ፥ በዕድሜም ከሁሉ የሚበልጡ እናት ነበሩ። ሦስቱም በባልትና የታወቁ ስለ ሆኑ፥ ለብዙ ዘመን ሲቀላለዱበት የነበረውን ነገር አንድ ቀን ለመቍረጥ ተስማሙ፤ እያንዳንዷ ከየቤቷ ዱቄቷንና እንጀራዋን ይዛ መጥታ፥ በአንድ ማድ ቤት ሠርታ ልታቀርብ ነው።

ምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ግን በቀላሉ አልተወሰነም። ዶሮ ወይም በግ ቢታረድ ክርስቲያኑ እስላም የባረከውን፥ እስላሙም ክርስቲያን የባረከውን ስለማይበላ ገበታው ለሁለት ይከፈላል። ወዳጆች ተጠርተው ጀርባ ለጀርባ ከሚቀመጡ ሥጋው ይቅር ተባለ፤ ስለዚህ ሁሉም ሽሮ በኑግ ዘይት እንዲሠሩ፥ ቀኑም ረቡዕ እንዲሆን ተወሰነ። ረቡዕ የጾም ቀን በመሆኑ ክርስቲያኖቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ ነበረባቸው። እስላሞቹን የሚከለክላቸው ነገር አልነበረም፤ ዳሩ ግን ወዳጆቻቸው ሳይቀምሱ እኛ አንቀምስም ብለው አብረው ጠበቁ። ይህን ባየሁ ጊዜ ከወጡ አስቀድሞ ልቤ ጠገበ።

ማድ ቤቱን ለማየት ፈቃድ ጠይቄ ገባሁ። ደገኛዋ የባቄላና የአተር ሽሮዋን ነጭ ሽንኵርትና በሶብላ አብዝታበት ነበር፤ ወጡንም ከሁሉ ይልቅ አቆየችው። ምክንያቱን ብጠይቃት፥ በአገራችን ካልቈየ ጥሬ ጥሬ ይላል አለችኝ። እውነትም አገር ከፍ ባለ ቍጥር ውኃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በደብረ ብርሃን ከፍታ ከ91 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። እርሷ ይህን በመጽሐፍ አላነበበችም፤ ድስቷ አስተምሯታል እንጂ። የአንኮበሯ ባለቤት አተርና ሽምብራ ቀላቅላ ኮረሪማ ጨመረችበት። የቆላዪቱ እናት ግን የሽምብራ ሽሯቸውን ከሁለቱ ይልቅ አቀጠኑት፤ በርበሬውንም አጠነከሩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእጅ ውኃ ቀረበ፤ ገበታውም ተባርኮ ተቀመጥን። ለእንግዶቹ ሁሉ አንድ አንድ ፍሬ ባቄላ ታደለን፤ ይኸውም በመረጥነው ድስት ፊት በተቀመጠው ሙዳይ እንድንጥል ነው። ለኔም የሩቅ እንግዳና የመንግሥት ሰው ነህ ተብሎ፥ ለክብሬ ነጭ የጤፍ እንጀራ ብቻ ቀረበልኝ፤ አስቀድሜም እንድናገር ተጋበዝሁ። ሦስቱንም ቀመስሁና የደገኛዋ እጅግ ጣፋጭ እንደ ሆነ፥ የአንኮበሯም መልካም እንደ ሆነ፥ የቆላዪቱ ግን እንደ ቀጠነ ተናገርሁ።

ቤቱ ዝም አለ። እኒያ እናት ግን ሳይቈጡ፥ «ጌታዬ፤ የኔን ወጥ እኮ በሰው እንጀራ ቀመሱት» አሉኝ።

ወዲያውም የማሽላ እንጀራቸውን ከመሶባቸው አውጥተው በፊቴ ዘረጉልኝ። የማሽላ እንጀራ ሲቀዘቅዝ የሚደርቅና የሚፈረካከስ ስለ ሆነ፥ ወፍራም ወጥ ቢቀርብለት በጕሮሮ አይወርድም፤ እርሱን የሚያርሰው ቀጭን ወጥ ነው። ባጠቀስሁት ጊዜ እንጀራው ወጡን ጠጣው፤ የማሽላው ጣፋጭነትና የበርበሬው ኃይል ተገናኙ፤ ቀጠነ ያልሁት ነገር ጥፋት ሳይሆን ዕውቀት መሆኑን ተረዳሁ። እኔም ተነሥቼ፥ «እናቴ ሆይ፤ ያለ ምስክር ፈርጃለሁና ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ሥቀው አጐረሱኝ። ከዚያ በኋላ እንግዳው ሁሉ እያንዳንዱን ወጥ ከየአገሩ እንጀራ ጋር፥ የደገኛዋንም ከገብስ እንጀራዋ ጋር እንደገና ቀመሰ።

ባቄላው በተቈጠረ ጊዜ ደገኛዋ በአንድ ፍሬ ብቻ በልጣ ተገኘች። የኔ ፍሬ ግን በቆላዪቱ እናት ሙዳይ ውስጥ ነበረች። ይሁን እንጂ ተሸነፍሁ ብሎ ያዘነ ሰው አላየሁም፤ ወደ ማታ ሲለያዩ ደገኛዋ የባቄላ ሽሮ፥ የአንኮበሯም የአተሩን፥ እናቲቱም ማሽላ በየቍናው እየሰፈሩ ተለዋወጡ። የሚቀጥለውም ውድድር በእናቲቱ ቤት እንዲሆን ተቀጣጠሩ።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ብዙዎቻችን ነጭ ጤፍን የክብር፥ ማሽላንና ገብስን የችግር ምግብ አድርገን መቍጠር ለምደናል። በልማዳችን የምንሳሳተውም በገበታ ላይ ብቻ አይደለም። ወደማያውቀው አውራጃ ተሾሞ የሚሄድ ሰው የዚያን አገር ሥራት በራሱ አገር ልማድ እየለካ፥ ይህ ቀጠነ፥ ያ ወፈረ ቢል፥ እኔ በአንኮበር የፈረድሁትን ፍርድ መፍረዱ ነው። ስለዚህ የሰውን ወጥ ከመንቀፋችን በፊት የተሠራበትን እንጀራ እንጠይቅ፤ ያን ጊዜ ፍርዳችን የቀና፥ ገበታችንም የሰፋ ይሆናል።